ክቡር ልክ አይደለም እና የምድር ስፌት

አራሚ የሌለበት ሰፈር የለም። ቤት ብትቀይሩ፣ ሥራ ብትቀይሩ፣ ቀድሟችሁ ደርሶ ይጠብቃችኋል። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶቡስ አለ" ስትሉ ከኋላችሁ ሆኖ "ዘጠኝ ከስድስት" ይላል። ስለ ሞተ ሰው ዕድሜ ስታወሩ ሁለት ዓመት ይጨምርበታል፤ ስለ ተወለደ ልጅ ክብደት ስታወሩ ሩብ ኪሎ ይቀንስበታል። ማንም አልጠየቀውም፤ ማንም አያመሰግነውም። እሱ የሚፈልገው ነገሩ ልክ እንዲሆን ብቻ ነው። ነገር ደግሞ ልክ ሆኖ ስለማያውቅ አራሚ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

የኔውን አራሚ ከሌሎቹ የሚለያቸው የሚያርሙት ምድርን መሆኑ ነው።

ከልብስ ስፌት ቤቴ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይተው ሲመጡ የያዙት ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ኮምፒውተር እና አንድ ረጅም የብረት ማስመሪያ ነበር። ፀጉራቸው ሸብቷል፣ የሸሚዛቸው የላይኛው ቁልፍ ተቆልፏል። ገና ሻንጣቸውን መሬት ሳያስነኩ ደጃፌ ላይ የተለጠፈውን የቤት ቁጥር አዩና፦

"ቅር አይበልዎትና እትዬ፣ ልክ አይደለም" አሉኝ።

"ምኑ?"

"ከአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቀጥሎ አሥራ ስምንት እንዴት ይመጣል?"

"ሰው ነው የለጠፈው፣ ጋሼ።"

"ሰው መሆኑ ማመካኛ አይሆንም።"

ሥራቸውን ጠየቅኳቸው። "ቀያሽ ነበርኩ" አሉኝ። "አሁንስ?" ስላቸው፣ "አሁን ምድርን እዘረጋለሁ" አሉ። በሆዴ፣ ጉድ ፈላ፣ ብዬ ቁልፉን ሰጠኋቸው።

ስም ያወጣላቸው መንገድ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። በሩ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል "ዘመናዊ የወንዶች ፀጉር ማስትካከያ" የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ተከራዬ በገቡ በሁለተኛው ቀን መንገዱን ተሻግረው ሄዱና፣ "ወንድሜ፣ ቅር አይበልህና፣ 'ተ' ነው እንጂ 'ት' አይደለም" አሉት።

"የቱ ጋ?"

"ማስተካከያ። ማስትካከያ የሚባል ነገር የለም።"

"ጋሼ፣ እኔ ፀጉር የምቆርጠው በመቀስ ነው፤ በፊደል አይደለም።"

"ቢሆንም ልክ አይደለም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገዱ ላይ ብቅ ሲሉ አስተካካዩ ከወንበሩ ብድግ ይልና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ክቡር ልክ አይደለም እያለፉ ነው! ፊደል ያለው ይደብቅ!" ይላል። እሳቸው አይቆጡም። ሰሌዳውን አንድ ጊዜ ቀና ብለው አይተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ በየቀኑ።

ክሊኒክ ሄደውም አይቻቸዋለሁ፤ አብሬ ነበርኩ። መጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ ተሰቅሏል። ክቡርነታቸው ደም ግፊት ሊለኩ ገብተው ካርታው ፊት ቆሙ። "እዚህ ላይ ግሪንላንድና አፍሪካ እኩያ ናቸው" አሏት ነርሷን፤ "በእውነቱ ግን አሥራ አራት ግሪንላንድ አፍሪካ ውስጥ ይገባል።"

"ይግባ ጋሼ፤ እጅዎን ይዘርጉልኝ።"

ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። "ካርታው ነው" አሉ። በማግስቱ ራሳቸው የሠሩትን ካርታ አሳትመው ወሰዱላት። ነርሷ ሰው ላለማስቀየም ብላ የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ፣ በውስጥ በኩል ለጠፈችው። ይሰማቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን "ጥሩ ቦታ ነው፤ ሰው ረጋ ብሎ ያየዋል" ብለው ተደሰቱ።

የዳቦ ጋጋሪያችን ልጅ ስታገባ ደግሞ የጥሪ ካርዱ ላይ የአዳራሹ ቦታ በቁጥር ተጽፎ ነበር፤ ስልክ ላይ ሲጻፍ ካርታ የሚያወጣ ቁጥር። ቦታ በሁለት ቁጥር ነው የሚነገረው፤ አንዱ የሰሜንና የደቡብ፣ አንዱ የምሥራቅና የምዕራብ። የቱ ይቅደም በሚለው ላይ የካርታ ሰዎች እስከ ዛሬ ተስማምተው አያውቁም አሉ። ካርዱን የሠራው ሰውዬም አገላብጦ ጽፏቸዋል። ክቡርነታቸው ይህን ሲያዩ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄዱና በሰልፈኛው ፊት፣ "ሰርጉ ባሕር ውስጥ ነው" አሉ።

"ምን አሉ?" አለ ጋጋሪው።

"ከዳርቻው አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ። እንግዳው ዋና መቻል አለበት።"

"ጋሼ፣ አዳራሹ ከፖስታ ቤት ጀርባ መሆኑን የማያውቅ ሰው አልተጠራም።"

"ቢሆንም ልክ አይደለም።"

የሰርጉ ዕለት ሁለት ሰዓት ሙሉ መታጠፊያው ላይ ቆመው መንገዱ ላልጠፋበት እንግዳ ሁሉ አቅጣጫ ሲያሳዩ ቆዩ። ከዚያ ገብተው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ያሉት አራት ወንበሮች እስከ መጨረሻው ባዶ ነበሩ። ሰው ሲያወራ መታረም ይፈራል። እኔም ያን ቀን ሌላ ጠረጴዛ ነበርኩ፤ መካድ አልችልም።

ሥራቸው ምን እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርቱካንና ቢላ ይዘው ስፌት ቤቴ ገቡ። ልጣጩን በጥንቃቄ ልጠው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ጠመኔና መቀሱ መሃል አስቀመጡት።

"እትዬ፣ ይህን ልጣጭ ሳይቀደድ ጠፍጣፋ አድርገው ያንጥፉልኝ።"

"ብርቱካኑን ይብሉት ጋሼ" አልኳቸው። "እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠፍጣፋ ጨርቅ ክብ ትከሻ ላይ ሳለብስ ነው የኖርኩት። ወይ ያጥፉታል፣ ወይ ይቀዱታል፣ ወይ ይስቡታል። አራተኛ የለም።"

ቢላው እጃቸው ላይ ቆመ። "ይህን ማን አስተማረዎት?"

"ትከሻ።"

አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም አላረሙኝም። በኔ ቤት ታሪክ ረጅሙ ሰላም እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምድር ክብ ናት፤ የኮምፒውተር መስኮት ጠፍጣፋ ነው። ሰው ብራውዘር ከፍቶ ካርታ ሲያይ፣ የባሕሩን ዳርቻ ሁሉ ከክቡ ላይ እያነሳ ጠፍጣፋው ላይ የሚያሳርፍለት ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ማሳረፉን እሳቸው ፕሮጄክሽን ይሉታል፤ እኔ መዘርጋት እለዋለሁ። አዘራረጉ ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዱ ስፋትን ይጠብቅና ቅርጽ ያበላሻል፣ አንዱ ቅርጽ ይጠብቅና ስፋትን ይዋሻል። የሳቸው ፕሮግራም ሁሉንም ያውቃል። ከቀያሽነት ከወጡ ጀምሮ ብቻቸውን የሠሩት ነው። ደግሞ ለማንም ክፍት ነው።

"ክፍት ማለት?" ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። "ልብሱን ብቻ ሳይሆን የቅዱን ወረቀት ጭምር ይሰጣሉ ማለት ነው?"

"እንደዚያ ነው። የፈለገ ወስዶ ያጥብበው፣ ያስፋው፣ ኪስ ይጨምርበት። እንከን ካገኘ ግን ይንገረኝ። የምለምነው ይህን ብቻ ነው።"

"እና ይነግሩዎታል?"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ይነግሩኝ ነበር።"

ይነግሯቸው የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዷ በሩቅ የዓሣ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ሴት፣ አንዱ ወፍ የሚቆጥር ሰው፣ አንዱ የትምህርት ቤት መምህር። አንዳቸውንም በዓይን አይተው አያውቁም፤ የሚያወሩት ግን ስለ ዘመድ እንደሚወራ ነበር። "የዓሣዋ ሴትዮ ዛሬ ተቆጥታለች፤ ጀልባዋ የብስ ላይ ወጥቶባታል" ይላሉ፣ ፊታቸው በርቶ። "ወፍ ቆጣሪው ጉንፋን ይዞታል።" እንከን ይልኩላቸዋል፤ እሳቸው ያስተካክላሉ፤ እነሱ ሌላ ያገኛሉ። እንዲህ ሲባባሉ ዓመታት ሄዱ። ከዚያ ወፍ ቆጣሪው ሥራ ቀየረ። መምህሩ ጡረታ ወጣ። የዓሣዋ ሴትዮ፣ መሥሪያ ቤቷ የትልቅ ድርጅት ፕሮግራም ማስገባቱን ጻፈችላቸውና፣ ይቅርታ ጠይቃ ጠፋች።

ክቡርነታቸው ግን በየጠዋቱ ኮምፒውተራቸው ላይ የደብዳቤ ሣጥናቸውን መክፈት አልተዉም። ኮሪደሩ የጋራችን ስለሆነ በሩ ሲከፈት፣ ወንበሩ ሲሳብ እሰማለሁ። ውሃ ለመቅዳት ሲወጡ እጠይቃለሁ።

"ዛሬስ፣ ጋሼ?"

"ባዶ።"

ይህ ንግግራችን ልማድ ሆነ። ሌላው ሰው "እንደምን አደሩ፣ ደህና" እንደሚባባለው እኛ "ዛሬስ፣ ባዶ" እንባባል ነበር።

አንድ ቀን ታላቅ እህታቸው ከሌላ ከተማ ደወሉ። እህትየው ሲያወሩ ስልክ የሚያስፈልጋቸው አይመስልም፤ ድምፃቸው በራሱ ይደርሳል። "አንተ ልጅ!" ይላሉ፤ ልጁ ስልሳ ዓመት ሞልቶታል። "እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከማን ጋር ነው የምታወራው? እኔ ቤት ክፍሉ ባዶ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ በቃ ና!"

ስልኩን ዘግተው ስፌት ቤቴ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

"እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ" አሉ። "አንድ ሰው፣ አንድ እንከን ከጻፈልኝ እቆያለሁ። ካልጻፈ ማንም አይጠቀምበትም ማለት ነው። ፕሮግራሙን እዘጋና እህቴ ጋ እሄዳለሁ።"

"ጥሩ ነው" አልኳቸው።

ጥሩ ነው ማለት ልማዴ ነው። የባለቤቴን ሕመም ሐኪሙ ዘርዝሮ ሲጨርስ ጥሩ ነው ብዬዋለሁ። ልጄ አግብታ ራቅ ወዳለ ከተማ ስትሄድ ሻንጣዋን እየዘጋሁላት ጥሩ ነው ብያታለሁ። ሌላ ምን ይባላል? ሰው ሊሄድ ሲወስን ጨርቅ አይደለም፣ በስፒል አይያዝም። እሳቸው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ፤ እኔ መኪናዬን መርገጥ ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቼ ሳየው የሸሚዝ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቻለሁ። ተረትሬ እንደገና ሰፋሁት።

ለአስተካካዩ ስነግረው መቀሱን አስቀመጠ። ሲያላግጥባቸው የኖረ ሰው ነው፤ ግን ፊቱ ወረደ። "እና ማን ሊያርመኝ ነው?" አለ።

ሐሳቡ የኔ፣ ስልኩ የሱ ነበር። ከሩቅ አገር የተላከ አስመስሎ ደብዳቤ ጻፈ። ከመላኩ በፊት አነበበልኝ፤ ሲነበብ ምንም ችግር የለበትም። ችግሩ የሚነበብ ሳይሆን የሚታይ ነበር፤ እኔም ስልኩን ዞሬ አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት "ዛሬስ?" ሳልል ራሳቸው መጡ። ደብዳቤውን በወረቀት አትመውታል። ጮክ ብለው አነበቡልኝ።

"'ይድረስ ለካርታው ባለቤት። እኔ በሩቅ አገር የምኖር ካርታ ወዳድ ነኝ። ካርታዎ በጣም ያምራል። ቀለሙ ደስ ይላል። ዓለምን በማስትካከልዎ ከልብ አመሰግናለሁ።'" ጣታቸውን አንዲት ፊደል ላይ አሳረፉ። "እትዬ፣ ይህ ሩቅ አገር መንገድ ማዶ ነው።"

መቀሴን ፈለግኩ። እጄ ላይ ነበር።

"ክፋት የለውም" አሉ ቀስ ብለው። "ግን ያስታውቃል። 'ት'ን ትተን ማለቴ ነው። በፕሮግራም የተጠቀመ ሰው አንድ የሚያማርረው አያጣም። አመስግኖ ብቻ የሄደ ሰው አልተጠቀመበትም።" በቀይ እስክሪብቶ 'ት'ን ሰርዘው 'ተ' ጻፉ፤ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አልጣሉትም። ይህን አይቻለሁ።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሻንጣዎቹ ኮሪደሩ ላይ ወጡ። የብረት ማስመሪያው በገመድ ታስሮ በላያቸው ተጋደመ። ያን ዕለት ጠዋት ክቡርነታቸው የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ይዘው መጡ።

"ለመታሰቢያ" አሉ። "ማተሚያ ቤት ያሠራሁት ነው። ይህኛው አዘራረግ ስፋት አይዋሽም። ግድግዳ ላይ ይስቀሉት።"

"ጥሩ ነው" አልኩ።

ግድግዳ ግን የለኝም። አንዱ በክር መደርደሪያ ተይዟል፣ አንዱ በመስታወት፣ አንዱ በቅድ ወረቀት። እሳቸው ከወጡ በኋላ ካርታውን ዘርግቼ ብዙ ጊዜ አየሁት። ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ላይ ላስቀምጠው ብል ሆዴ እምቢ አለኝ። ከስፌት መኪናዬ በላይ የተንጠለጠለው አምፖል ሽፋኑ ተቃጥሎ ሽቦው ብቻ ቀርቶ ነበር። ሽቦውን በሜትር ዙሪያውን ለካሁት፤ ዘጠና ሳንቲ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ካርታውን ለካሁት፤ እሱም እንደዚያው። ተለክቶ የተሠራለት ይመስል።

ነጩን ጠርዝ ቆረጥኩ፤ በአንድ በኩል ለማጣበቂያ ትንሽ አስቀረሁ። ከዚያ ጠቅልዬ ጫፍና ጫፉን አገናኘሁ።

ባለ መስመር ጨርቅ የሰፋ ሰው ይህን ያውቃል፤ ስፌቱ ጋ ሲደረስ መስመሩ መገጠም አለበት። የደንበኛ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ካርታው ላይኛው ጫፍ አካባቢ ያለው የብስ ከቀኝ ወጥቶ በግራ ይቀጥላል። የባሕሩ ዳርቻ በቀኝ ሲያልቅና በግራ ሲጀምር ግን አልተገናኘም። ሁለት ክር የሚያህል ዘለለ።

እጄ ነው ብዬ ፈትቼ እንደገና ገጠምኩት። ዘለለ። ዓይኔ ነው ብዬ መነጽሬን ጠረግኩ። ዘለለ። ከላይ ወደ ታች እኩል እየተራራቁ የወረዱ መስመሮች አሉበት፤ እነሱን በሜትር ለካኋቸው። ከመስመር መስመር ሃያ አምስት ሚሊ ነው፤ ሁሉም። ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ያሉት ሁለቱ ብቻ ጠበዋል።

ኮሪደሩ ላይ የገመድ ድምፅ ሰማሁ። እሳቸው ሻንጣ እያሰሩ ነው።

"ጋሼ።"

"አቤት።"

"ቅር አይበልዎትና፣ ልክ አይደለም።"

ገመዱ ዝም አለ። ከዚያ ክቡርነታቸው በሩ ላይ ታዩ። በሕይወታቸው ይህን ቃል ሰው ሲናገረው የሰሙ አይመስልም።

"ምኑ?"

"ምድር። ስፌቷ አይገጥምም።"

"ምድር ስፌት የላትም፣ እትዬ።"

"ክቧ የላትም። የርስዎ አላት። የሆነ ቦታ ቀደው አይደል የዘረጓት? የተቀደደ ነገር ሲመለስ መግጠም አለበት።"

"ማተሚያ ቤቱ ይሆናል።"

"ማተሚያ ቤት መርጦ አይስትም። ሌላው ሁሉ ሃያ አምስት ነው። ይለኩ።"

ማስመሪያቸውን ከገመዱ ፈትተው አመጡ። ለኩ። ጎንበስ ብለው በሌላው ጎን ለኩ። የክቡር ልክ አይደለም አንገት ላይ አንድ የደም ሥር ሲመታ አየሁ።

"ሁለት ሚሊ ተኩል" አሉ በሹክሹክታ። "አንድ ዲግሪ።"

"ብዙ ነው?"

"ምድር ወገብ ላይ መቶ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ። ደሴቶች አሉበት፣ እትዬ። ሰው ልብስ አጥቦ የሚያሰጣባቸው ደሴቶች።" ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። "እኔ ነኝ የቆረጥኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ያ የጫፉ መስመር የምሥራቅም መጨረሻ ነው፣ የምዕራብም መጨረሻ ነው። ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ ግራ እየገባው ይቆምብኝ ነበር። ለጊዜው ብዬ ከሁለቱም ጫፍ ግማሽ ግማሽ ዲግሪ ቆረጥኩለት። እና ረሳሁት።"

"ሰፊ ከጫፍ አይቆርጥም፣ ጋሼ። ለስፌት ትርፍ ይተዋል።"

"ማንም አላየው! ስክሪን ተጠቅልሎ አያውቅማ!" ብድግ አሉ። "አሥራ አንድ ዓመት! መቶ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር! ማንም ሰው!"

አዝነው መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ፊታቸውን ሳይ ግን፣ የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት የቆመች ሙሽራ ፊት ነው። ሻንጣቸውን ኮሪደሩ ላይ ከፍተው ልብሱን ወዲያ ወዲህ እየበተኑ የኮምፒውተራቸውን ገመድ ፈለጉ።

እህታቸው የደወሉት በዚህ መሃል ነው። አውቶቡሱን ስንት ሰዓት ልጠብቅ ለማለት ነበር።

"አልመጣም!" አሉ ክቡርነታቸው።

"ምን ሆነህ ነው አንተ ልጅ?"

"ምድር አንድ ዲግሪ ጎድላለች!"

"ምን አልክ?"

"ጎድላለች! እኔ ነኝ የቆረጥኳት!"

እህትየው፣ "ስልኩን ለሴትዮዋ ስጣት" አሉ። ተቀበልኩ።

"እህቴ፣ ወንድሜ ደህና ነው?"

"ደህና ናቸው። ስህተት አግኝተው ነው።"

"የራሱን?"

"የራሳቸውን።"

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። "እንግዲህ መስኮቱን እዘጋለሁ በዪኛ" አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልጮኸም። እኚያም ሴት ብቻቸውን እንደሆኑ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። "ጥሩ ነው" ማለት አልቻልኩም።

ስፌቱ በአራት ቀን ተስተካከለ። ክቡርነታቸው በፕሮግራሙ የለውጥ ዝርዝር ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "በዚህ እትም የተስተካከለ፦ የምድር ስፌት። ስህተቱን ያገኙት፦ ልብስ ሰፊዋ።" አስተካካዩ መንገድ ተሻግሮ መጥቶ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠና፣ "የተስተካከለ በ'ተ' ነው እንዴ?" አለ። በሳምንቱ ደግሞ ደብዳቤ መጣ፤ እውነተኛ። የዓሣዋ ሴትዮ ናት። "ጀልባዎቻችን እዚያ መስመር ላይ ሲደርሱ ይጠፉብኝ ነበር" ትላለች። "የኔ ጥፋት መስሎኝ ዝም አልኩ።" ይህን ሦስት ጊዜ አነበቡልኝ። ስንት ሰው ነው የራሱ ጥፋት መስሎት ዝም ያለው፣ እያልኩ እጅጌ ሰፋሁ።

ሰላም ወረደ ማለት አይደለም። የራዲዮኔ ሰዓት ዘጠኝ ሰከንድ ወደ ኋላ እንደቀረ ዛሬ ጠዋት ተነግሮኛል። የቤቴ ቁጥር አሁንም ልክ አይደለም። ሻንጣዎቹ ቁም ሣጥን ላይ ናቸው፤ ግን የደብዳቤ ሣጥኑ ለብዙ ቀን ባዶ ሲሆን ዓይናቸው ወደነሱ ቀና እንደሚል አያለሁ። የዓሣዋ ሴትዮ ከጻፈች አምስት ወር አልፏታል።

እኔም ዝግጅቴን አድርጌያለሁ። ስፌቱ ከታረመ በኋላ አዲስ ካርታ አሳትመው ሰጥተውኝ ሽፋኑን እንደገና ሠርቼዋለሁ። ገጥሟል፤ ዳርቻው ከዳርቻው፣ መስመሩ ከመስመሩ። ሰማዩ ሲደምን አምፖሉን አበራና ዓለም በራሴ ላይ ትዞራለች። ግን ታች፣ ደቡብ አካባቢ፣ ውሃው መሃል፣ ልክ ስፌቱ ላይ የተቀመጠች የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ደሴት አለች። ዙሪያዋን ሌላ ምንም የለም። እሷ ሁለት ጊዜ ታትማለች። አንዷ ከስፌቱ በዚህ በኩል፣ አንዷ በዚያ በኩል፣ ጎን ለጎን።

ካየኋት አራት ወር ሆነኝ። አልተናገርኩም። ሻንጣዎቹ የወረዱ ዕለት እናገራለሁ። እስከዚያው እንዳትጠፋኝ ሁለቱ መሃል ስፒል ሰክቼባታለሁ።

ትናንት ክቡርነታቸው ገብተው ቀና ብለው አዩት።

"ያ ስፒል ምንድን ነው?"

"ረስቼው ነው።"

"እርስዎ ስፒል ረስተው አያውቁም። ቅር አይበልዎትና እትዬ፣ ልክ አይደለም።"

"አይደለም" አልኳቸው። "ይቀመጡ።"